አንድ ቀን በሁለት ሳጥን

ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ፣ ከአጣና ተራ ብዙም ሳይርቅ ያለ አንድ እድር መዝገቡን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ካዛወረ ቆይቷል። ከአባላቱ ብዙዎቹ ወደ ጀሞ፣ ወደ አያት፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ሄደዋል፤ እድራቸውን ግን አልለቀቁም። መዋጮውን በእጅ የሚያመጣ አለ፣ በቴሌብር የሚልክ አለ። የእድሩ ጸሐፊ በሙያቸው ፕሮግራመር ናቸው። የእህታቸው ልጅ ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የአንድሮይዱን ትምህርት ተከታትላ፣ አሮጌውን መዝገብ ለስልክ እንዲሆን እንደ አዲስ እየጻፈችው ነው። አጎትና ልጅ የተከራከሩበት ጉዳይ መረጃ በመተግበሪያ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ይፍሰስ ወይስ በሁለት የሚለው ነው። ክርክሩ በዓለም ዙሪያ ያረጀ ነው፤ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይዘን ለምንኖር ለእኛ ግን ከሌላው የበለጠ ያስፈልገናል ብዬ ስለማምን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ልጅቷ፦ ጋሼ፣ የአሮጌውን መዝገብ ኮድ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ሁሉም ነገር በሁለት አቅጣጫ ታስሯል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ወዲያው መረጃውን ይለውጣል፤ መረጃው ሲለወጥ ሳጥኑ ይለወጣል። ማን ማንን እንደለወጠ ለማወቅ ያለው ድካም ሌላ ነው። አዲሱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የምሠራው።

አጎት፦ አንድ አቅጣጫ ስትዪ ምን ማለትሽ ነው? ሥልጠናው ላይ የሰማሽውን ሳይሆን የገባሽን ንገሪኝ።

ልጅቷ፦ መረጃው አንድ ቦታ ይቀመጣል። ስክሪኑ ከዚያ ያነባል እንጂ አይጽፍም። ሰው አንድ ነገር ሲጽፍ ወይም ቁልፍ ሲጫን ስክሪኑ «እንዲህ ተብሏል» ብሎ ወደ ላይ ያስታውቃል። መረጃውን የያዘው ክፍል መርምሮ ይቀበላል ወይም ይጥላል፤ ከዚያ ስክሪኑ እንደገና ያነባል። ለውጥ የሚገባበት በር አንድ ስለሆነ ስህተት ሲፈጠር የምፈልገው እዚያው በር ላይ ነው።

አጎት፦ ጥሩ። አሮጌውን ግን አትናቂው። የተጻፈበት አንጉላር ጄኤስ በፈረንጆች 2010 ሲወጣ ቅጽ መሥራት ፈተና ነበር። እያንዳንዱን ሳጥን በእጅሽ ታነቢያለሽ፣ በእጅሽ መልሰሽ ትሞያለሽ። ሃያ ሳጥን ካለ አርባ ቦታ ላይ መጻፍ ነው፤ አንዱን ከረሳሽ ስክሪኑ አንድ ነገር ይላል፣ መረጃው ሌላ። ሚሽኮ ሄቨሪ ጉግል ውስጥ የገፋበት ሥራ ያንን ሸክም አነሳ። ሳጥኑንና መረጃውን በአንድ ቃል ታስሪያቸዋለሽ፣ አለቀ። ይህን መዝገብ የጻፈልን ልጅ በትርፍ ሰዓቱ ጨርሶ ሊያስረክበን የቻለው በዚያ ነው።

ልጅቷ፦ ልፋቱን አልናቅኩም። ግን የአባልነት ቀኑን ይመልከቱት። ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ አንዱ በፈረንጅ። የቴሌብር መልእክት የፈረንጅ ቀን ይዞ ስለሚመጣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አንዱ ሲለወጥ ሌላው ይለወጣል፣ ከሁለቱም ወገን። አሁን አንዲት እናት ጳጉሜን 6 ቀን 2015 አባል ሆነዋል እንበል።

አጎት፦ የዘመነ ሉቃስ ማብቂያ። ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ዓመት ነው።

ልጅቷ፦ አዎ። መዝጋቢው ቅጹን ሲከፍት ዓመቱ ላይ 2016 ተሞልቶ ጠበቀው። ወሩን ጳጉሜን፣ ቀኑን 6 አለ። በ2016 ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ነበረች፤ ቀን መለወጫው ግን አይከለክልም፣ ትርፏን ቀን ወደፊት ያሻግራታል። የፈረንጁ ሳጥን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ይላል። እሱ ስለተለወጠ በተራው የእኛን ሳጥን ያስተካክላል፦ መስከረም 1 ቀን 2017። መዝጋቢው ይህን ልብ ሳይል ዓመቱን ወደ 2015 ይመልሳል። ስክሪኑ ላይ የሚቀረው መስከረም 1 ቀን 2015 ነው። ሴትዮዋ የገቡት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፣ የተመዘገቡት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2022።

አጎት፦ ልክ 365 ቀን ወደኋላ።

ልጅቷ፦ የአንድ ዓመት መዋጮ ማለት ነው። ወሩ 100 ብር ቢሆን፣ ያልነበረባቸው የ1,200 ብር ውዝፍ ይጻፍባቸዋል፤ ቅጣቱን ሳንቆጥር። ሐዘን የደረሰባቸው ዕለት ድንኳን ሊጠይቁ ሲመጡ ደግሞ «ውዝፍ አለብዎት» ይባላሉ።

አጎት፦ እድር ለዚያ ዕለት ነው የተቋቋመው። በዚያ ዕለት ሰውን ማሸማቀቅ መዝገብ ከማጣት ይከፋል። ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። ሰው የሁለት አቅጣጫ ትስስር ሲነሳ የሚፈራው ማለቂያ የሌለውን ዙር ነው፤ ሀ ለን ይለውጣል፣ ለ መልሶ ሀን ይለውጣል እያለ። እሱ ብዙም አያሳስበኝም። አንጉላር ጄኤስ ለውጡ እስኪረጋ ድረስ እየደጋገመ ይቃኛል፤ በ10 ዙር ካልረጋ ስህተት አውጥቶ ይጮሃል። የሚጮህ ስህተት ይገኛል። የአንቺ ጳጉሜን ግን በአንድ ዙር ረጋች። ሁለቱ ሳጥኖች ፍጹም ተስማሙ፤ የተስማሙበት ቀን ግን ማንም የጻፈው አይደለም። አደገኛው እንዲህ ያለው ነው፤ ምክንያቱም ስክሪኑን የሚያይ ሰው «ሁለቱም አንድ ቀን ነው የሚሉት፣ ትክክል ነው» ብሎ ያልፋል።

ልጅቷ፦ ስለዚህ እኔ ልክ ነኝ።

አጎት፦ ቆይ፣ አትቸኩዪ። እስቲ ያንቺን አሳዪኝ። የአንድሮይዱ ጄትፓክ ኮምፖዝ አይደል?

ኮምፒውተሯን ወደ እሳቸው አዞረችላቸው። ኮዱን ከላይ ወደ ታች እያንቀሳቀሱ አነበቡት።

አጎት፦ እዚህ የእኛን ቀን የሚይዝ ስቴት አለ። እዚህ ደግሞ የፈረንጁን ቀን የሚይዝ ሌላ ስቴት። ቀጥሎ የመጀመሪያው በተለወጠ ቁጥር ሁለተኛውን የሚያስተካክል ኢፌክት ጽፈሻል። ከሥሩ ደግሞ የተገላቢጦሹ አለ።

ልጅቷ፦ ግን ለውጡ ሁሉ መረጃውን በያዘው ክፍል፣ በቪው ሞዴሉ በኩል ነው የሚያልፈው። ስክሪኑ ምንም አይነካም።

አጎት፦ በሳጥኑና በባለቤቱ መካከል አንድ አቅጣጫ ነው፣ አልካድኩም። በሁለቱ ቀኖች መካከል ግን አሮጌው ትስስር እንዳለ ተዛውሮ መጥቷል። የጳጉሜንዋን ምሳሌ እዚህ ብትሞክሪው ያው 365 ቀን ይጠፋል። ለድረ ገጽ በሪአክት የሚጽፉ ልጆችም በዩዝ ኢፌክት ይህንኑ ሲያደርጉ አያለሁ፤ አንዱን ስቴት ከሌላው ጋር «ለማመሳሰል» ይላሉ። ሁለት ቅጂ ካለና ሁለቱም ይጻፍባቸዋል ከተባለ፣ የመሣሪያው ስም ምንም ይሁን ምን ፍሰቱ የሁለት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ፍሬምወርክ ከመምረጥሽ በፊት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ይህ እውነት ስንት ቅጂ አለው? ባለቤቱስ የትኛው ነው?

ልጅቷ፦ ለቀን ባለቤቱ የትኛው ይሁን ታዲያ? የእኛው ወይስ የፈረንጁ?

አጎት፦ አንዱም አይሁን። ቀን አንድ ነው፤ ሁለቱ አቆጣጠሮች የቀኑ ስሞች ናቸው። የሥነ ፈለክ ሰዎች የጁልያን ቀን ቁጥር የሚሉት አለ፤ መነሻውን ጆሴፍ ስካሊገር በፈረንጆች 1583 ነው ያስቀመጠው። ቀናትን ያለ ወርና ያለ ዓመት በተከታታይ ይቆጥራል። በእሱ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ማለት 2460199 ነው። እሱን አንዱን ቁጥር አስቀምጪ። ሁለቱም ሳጥኖች ከእሱ ይነበቡ፤ አንዱ ከሌላው ፈጽሞ አይነበብ።

ልጅቷ፦ ሰውዬው ሲጽፍስ? ወሩን ጽፎ ዓመቱን ገና ሳይጽፍ ቁጥሩ ምን ይሆናል?

አጎት፦ ምንም አይሆንም። ያልተጨረሰ ቀን ቀን አይደለም፤ ረቂቅ ነው። ሲጽፍ የሚነካው ረቂቁን ብቻ ይሁን። ሦስቱም ሲሟሉና «እሺ» ሲል ወደ በሩ ይምጣ፣ ያኔ ይመርመር። 2016 ላይ ጳጉሜን 6 ካለ «በዚህ ዓመት ጳጉሜን 5 ቀን ናት» በዪው እንጂ ወደ መስከረም አትግፊው። አንድሮይድ ከ7.0 ጀምሮ የኢትዮጵያን አቆጣጠር አብሮ ይዟል፤ ግን ካልከለከልሽው ታጋሽ ነው፣ የሌለውን ቀን ተቀብሎ ያሻግራል። ትዕግሥቱን ዝጊበት።

ልጅቷ፦ ይህ ነገር ኤክሴልን አስታወሰኝ። እዚያ አንዱ ክፍል ሌላውን ይስባል፣ የተሳበው ግን መልሶ አይስብም።

አጎት፦ ደግ አስታወስሽ። ገንዘብ ያዣችን ፕሮግራም ጽፎ አያውቅም፤ ኤክሴል ላይ ግን የአንድ አቅጣጫ ፍሰትን ከእኔና ካንቺ በላይ ለምዶታል። ሁለት ክፍሎች እርስ በርስ እንዲሳሳቡ ብታደርጊ ኤክሴል በክብ ተጠምዝዟል ብሎ ያስጠነቅቃል። የዚያ ሁሉ አባት ቪዚካልክ በፈረንጆች 1979 ወጣ። በዚያው ዓመት ደግሞ ትሪግቬ ሬንስካውግ የሚባሉ ኖርዌያዊ በዜሮክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ መረጃን፣ ማሳያን እና መቆጣጠሪያን የለየውን አሠራር ነደፉ፤ ዛሬ ኤም ቪ ሲ የምንለውን። ብዙው ፕሮግራመር ሁለተኛውን ተከተለ። ከመጀመሪያው ለመማር ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀብን፤ እኔ እንደዚያ ነው የማየው።

ልጅቷ፦ ፌስቡክ ሪአክትን ያወጣው በፈረንጆች 2013 ነው አይደል?

አጎት፦ አዎ፣ ጆርዳን ዎክ የሠራውን። በ2014 ደግሞ ፍላክስ ያሉትን አሠራር ሲያስተዋውቁ ምክንያታቸውን በግልጽ ተናገሩ። የመልእክት ቁጥር ነበር። ሰው ያልተነበበ መልእክት አለህ የሚል ቁጥር ያያል፣ ሲከፍት ምንም የለም። ያስተካክሉታል፤ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ቁጥሩ ብዙ ቦታ ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ ክፍል የየራሱን እያደሰ፣ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ነበር። ወደኛ ስትመጪ ውዝፍ ማለት ነው። አሮጌው መዝገብ ውስጥ ውዝፍ ስንት ቦታ ተቀምጧል?

ልጅቷ፦ ሦስት። የአባላቱ ዝርዝር ላይ፣ የአባሉ ገጽ ላይ፣ ከላይ ጠቅላላ ድምሩ ላይ። እያንዳንዱ የራሱ ኮድ አለው። እኔ ግን ውዝፍ የሚባል ነገር ጭራሽ አላስቀምጥም። የአባልነት ቀን አለ፣ የተከፈለው ዝርዝር አለ፣ የወሩ መዋጮ አለ፤ ውዝፉ ከሦስቱ በተጠየቀ ቁጥር ይሰላል።

አጎት፦ እንዲህ ነው እንጂ! አየሽ፣ አሁን ያልሽው ከኮምፖዝም ከሪአክትም አይደለም የመጣው። ከደብተር ዘመን ጀምሮ ጥሩ ጸሐፊ የሚያደርገው ነው፤ የተከፈለውን ይጽፋል፣ ቀሪውን ሲጠየቅ ይደምራል።

ልጅቷ፦ ታዲያ የሁለት አቅጣጫ ትስስር ከነጭራሹ ይቅር?

አጎት፦ አይቅርም። በአንድ ሳጥንና ከጀርባው ባለው አንድ ረቂቅ መካከል ደህና ነገር ነው። ስልክ ቁጥር የሚጻፍበት ሳጥን ረቂቁን ቢለውጥ፣ ረቂቁም ሳጥኑን ቢለውጥ ማን ይጎዳል? ባለቤቱ ያው አንድ ነው። ቪዩ የሚባለውን ፍሬምወርክ ታሪክ ተመልከቺ። ኢቫን ዩ በፈረንጆች 2014 አወጣው። ሁለተኛው እትም በፈረንጆች 2016 ሲመጣ በወላጅና በልጅ ክፍሎች መካከል የነበረውን የሁለት አቅጣጫ ትስስር አስወጡት። በ2017 መልሰው አስገቡት፣ ግን እንደ አጭር አጻጻፍ ብቻ፤ ከሥሩ ሲታይ ልጁ ወደ ላይ ያስታውቃል፣ ወላጁ ይወስናል። የሳጥኑን ትስስር ግን አንድም ቀን አልነኩትም። ይህ አካሄድ ልክ ይመስለኛል። አጻጻፉ አጭር ይሁን፣ ባለቤቱ ግን ይታወቅ።

ልጅቷ፦ እኔ ግን ሳጥኑንም በጥብቅ ይዤዋለሁ። እያንዳንዱ ፊደል ወደ ላይ ሄዶ፣ ተመርምሮ፣ ጸድቶ ነው ወደ ሳጥኑ የሚመለሰው። ስም ላይ ትርፍ ክፍተት ካለ አጠፋለሁ፣ የተደበላለቀውን ሐ እና ኀ ወደ ሀ እመልሳለሁ።

አጎት፦ እዚህ ላይ ነው ጠቡ። አማርኛ በስልክ እንዴት እንደሚጻፍ አስቢ። ብዙ ሰው በድምፅ በሚጻፍ ኪቦርድ ነው የሚጽፈው፤ መጀመሪያ ል ትወጣለች፣ ቀጥሎ አናባቢው ሲነካ ላ ትሆናለች። ኪቦርዱ ያልጨረሰውን ፊደል በእጁ ይዞ ይጠብቃል። በዚያ መሃል አንቺ ከላይ አጽድተሽ ስትመልሺበት የያዘውን ያጣል። ሰላም ሊጽፍ የተነሳ ሰው «ስኧልአም» የሚመስል ነገር ይወጣለታል። ቻይናዎችና ጃፓኖችም በሪአክት ቅጾች ላይ በዚህ ዓይነት ችግር ብዙ ተማርረዋል። ጉግል ራሱ ኮምፖዝን ሲያወጣ የጽሑፍ ሳጥኑን ልክ አንቺ እንደምትዪው አድርጎት ነበር፤ ዋጋው ከላይ ይወርዳል፣ ለውጡ ወደ ላይ ይነገራል። መልሱ ትንሽ ሲዘገይ ኪቦርዱና ሳጥኑ እየተለያዩ ስላስቸገሩ፣ በኋላ የጽሑፉን ይዞታ ለሳጥኑ ራሱ የሚሰጥ ሌላ ዓይነት ጨመረ። በአንድ አቅጣጫ መሣሪያ ውስጥ፣ የአንድ አቅጣጫን ደንብ ከሚያስተምረው ድርጅት የመጣ ነው ይህ።

ልጅቷ፦ ስለዚህ እየጻፈ ሳለ አልነካበትም፤ ሲጨርስ እመረምራለሁ።

አጎት፦ እንደ ቀኑ ማለት ነው። ደግሞም የሰው ስም ላይ ሐን ወደ ሀ መመለስ የአንቺ ሥራ አይደለም። ለፍለጋ ከፈለግሽው ለብቻው አስልተሽ ተጠቀሚበት፤ ሰው ራሱ የጻፈውን ስሙን ግን ተዪለት።

ልጅቷ፦ ስም ላይ ሌላ ነገርም አለ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ፊደል ሁለት ሳጥን አለ፤ ፋይዳ ካርድ ላይም በሁለቱም ነው የሚጻፈው። አሮጌው አንዱን ከሌላው ይሞላል። ለዚህስ እንደ ቀኑ አንድ ቁጥር ላግኝለት?

አጎት፦ አታገኚለትም። ፀሐይ ብለሽ ወደ እንግሊዝኛ ፊደል ውሰጂውና መልሺው፤ ጸሀይ ሆኖ ይመለስልሻል። ፀው ጸ፣ ሐው ሀ ሆኖ ይቀራል፤ የእንግሊዝኛው ፊደል ልዩነታቸውን አይዝም። በሌላ በኩል ሰው ፓስፖርቱ ላይ የሰፈረውን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ካልተከተልሽለት ይቸገራል። ስለዚህ እነዚህ ሁለት ቅጂዎች አይደሉም፤ ሁለት የተለያዩ እውነቶች ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም ባለቤታቸው ሰውዬው ነው። የእንግሊዝኛው ባዶ ሲሆን አንድ ጊዜ ሐሳብ አቅርቢለት፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላውን አይንካ።

ልጅቷ፦ ኔትወርኩስ? ገንዘብ ያዡ ሰው ቤት ተቀምጦ ሲመዘግብ ኔትወርኩ ይጠፋል፣ ቆይቶ ይመጣል። ሰርቨሩ የላከው አሮጌ መልስ ዘግይቶ ሲደርስ እየጻፈ ያለውን ይደመስስበታል።

አጎት፦ በአሮጌው ይደመስሳል፤ ምክንያቱም ለእሱ ከሰርቨር የመጣም ሆነ ከጣት የመጣ ያው ለውጥ ነው። በአንቺ ግን ሰርቨሩም እንደማንኛውም ሰው በበሩ ይግባ። «ይህ ደርሷል» ይበል፤ ባለቤቱ የተመዘገበውን ያድስ፣ ረቂቁን አይንካ። የአንድ አቅጣጫ አሠራር በእኛ አገር ኔትወርክ ላይ ድካሙን የሚክሰው እዚህ ጋ ነው። ኮዱ ይረዝማል፣ እያንዳንዱን ለውጥ በስም መጥራት አለብሽ፣ ለትንሽ ነገር ብዙ ትጽፊያለሽ። ለሦስት ሳጥን የማስተካከያ ገጽ አልመክርሽም። ለመዋጮና ለቀን ግን አድርጊው።

ልጅቷ፦ እንግዲያው ሁለቱን የቀን ስቴቶች አጥፍቼ በአንዱ ቁጥር እተካቸዋለሁ። ሳጥኖቹ ረቂቅ ይዘው ይቀመጡ።

አጎት፦ ኢፌክቶቹንም አጥፊ። እነሱ እስካሉ ድረስ አንድ ሰው ተመልሶ ሁለተኛ ቅጂ ማምጣቱ አይቀርም።

ክርክራቸው በዚህ አበቃ። እኔ የምጨምረው ለሙያው ሰዎች አንድ ልመና ብቻ ነው። ለእድር፣ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለቀበሌ ቅጽ የምትሠሩ ሁሉ፣ ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ዓመቱን 2016 ላይ ትታችሁ ጳጉሜን 6ን አስገቡ፣ ከዚያ ዓመቱን ወደ 2015 መልሱ፣ የወጣውን ቀን ተመልከቱ። ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በፈረንጆች ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ይውላል።